ዘበኛው ማን ይሁን? ከቫያኮምና ከዩቲዩብ ሙግት እስከ እኛ ፒዲኤፍ

ቴሌግራም መፈለጊያ ላይ የአንድ ታዋቂ የአማርኛ ልቦለድ ርዕስ ጻፉ። ብዙ ሳይቆይ መጽሐፉ ከነሽፋኑ፣ ገጽ በገጽ ስካን ተደርጎ ይመጣላችኋል። አብዛኛውን ጊዜ ደራሲው አልፈቀደም፤ አሳታሚውም ሰባራ ሳንቲም አላገኘም። ፋይሉን የለጠፈው ሰው ጥፋተኛ ስለመሆኑ ብዙ አያከራክርም። የሰው ሥራ ያለ ፈቃድ አባዝቶ ማሰራጨት በእኛም ሕግ ክልክል ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጠበቃ ሲያበላ የኖረው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ፋይሉን ተሸክሞ ለመቶ ሺህ ሰው የሚያደርሰው ኩባንያስ ይጠየቃል ወይ?

ዛሬ በተግባር የምናየው መልስ «ባለመብቱ አይቶ እስኪያመለክት ድረስ አይጠየቅም» የሚል ነው። ከመልመዳችን የተነሣ የተፈጥሮ ሕግ ይመስለናል። ነገር ግን መልሱ የተወሰነው በጥቂት የአሜሪካ ችሎቶችና በአንድ የምክር ቤት ድርድር ነው። ታሪኩ መነገር ያለበትም በሌብነት ክርክር ስም ሲካሄድ የኖረው ሙግት በዋናነት ስለ ጥበቃ ወጪ ስለሆነ ነው። ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የሚያድረው ዘበኛ ማን ይሁን? ደመወዙንስ ማን ይክፈል? (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የአገራችንን አዋጆች ስጠራ ግን በእኛው እጠቀማለሁ።)

ነገሩ የጀመረው ከኢንተርኔት መስፋፋት በፊት ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሰዎች በስልክ መስመር ከአንድ ኮምፒውተር ጋር እየተገናኙ ጽሑፍና ምስል የሚለዋወጡባቸው አነስተኛ አገልግሎቶች ነበሩ። ፍሎሪዳ ውስጥ ጆርጅ ፍሬና የሚባል ሰው ከእነዚህ አንዱን ያስተዳድር ነበር። ደንበኞቹ ከፕሌይቦይ መጽሔት የተወሰዱ ፎቶዎችን ጫኑበት፤ 170 ምስሎች ተቆጠሩ። ፍሬና «እኔ አልጫንኩም፣ አላወቅሁምም፣ ክሱ እንደደረሰኝ አውርጃለሁ» አለ። በ1993 ፍርድ ቤቱ ይህ አያድንህም አለው። ምክንያቱ ቀጥተኛ ነበር፤ የቅጂ መብት መጣስ ማወቅን አይጠይቅም፤ ዳኛው ካሳውን ሲተምን አለማወቅህን ሊያይልህ ይችላል እንጂ ከጥፋተኝነት አያወጣህም። በዚህ ፍርድ ዘበኛው ባለ ኮምፒውተሩ ሆነ ማለት ነው።

ይህ አስተሳሰብ ቢጸና ኖሮ ዛሬ የምናውቀው ኢንተርኔት አይኖርም ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም። ሰው ሁሉ የፈለገውን የሚጭንበትን ቦታ ለመክፈት የሚደፍር አይገኝም ነበር።

በ1995 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሌላ ጉዳይ መጣ። አንድ የቀድሞ የሳይንቶሎጂ አገልጋይ ድርጅቱን እየተቸ የመሥራቹን የኤል. ሮን ሃባርድን ጽሑፎች በይፋ ለጠፈ። የመብቱ ባለቤቶች እሱን ብቻ አልከሰሱም፤ ኔትኮም የተባለውን የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪም ጨምረው ከሰሱ። ዳኛ ሮናልድ ዋይት የፍሬናን መንገድ አልተከተሉም። ኔትኮምን ሰዎች እየገቡ ኮፒ የሚያነሡበት ማሽን ባለቤት ጋር አመሳሰሉት። ማሽኑ የታዘዘውን ይገለብጣል፤ ባለማሽኑ በገዛ እጁ አልገለበጠም። ግን አንድ በር ክፍት ተዉ። ባለመብቱ «ይኸው፣ ይህ የእኔ ሥራ ነው» ብሎ ካሳወቀው በኋላ ዝም ብሎ ከተቀመጠ፣ ያኔ ለጥፋቱ ተባባሪ ሊባል ይችላል አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሙግቱ ሁሉ መቋጠሪያ «ማወቅ» የሚለው ቃል ሆነ።

በዚያው ዓመት የክሊንተን አስተዳደር ያወጣው ሰነድ በተቃራኒው አገልግሎት ሰጪዎች ኃላፊነቱን ይሸከሙ የሚል ነበር። የስልክ ኩባንያዎቹ ተነሡ። ሆሊውድና ሙዚቃ አሳታሚዎቹ ደግሞ ሌላ ነገር ይፈልጉ ነበር፤ የዲጂታል ቁልፍ መስበርን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ። ዋሽንግተን እንደ ልማዷ ሰጥቶ በመቀበል ጨረሰችው። ክሊንተን ኦክቶበር 28 ቀን 1998 የፈረሙት ሕግ ለሆሊውድ ቁልፉን ሰጠ፤ ለኩባንያዎቹ ደግሞ አንቀጽ 512ን።

አንቀጽ 512 ዛሬም ድረስ ዓለምን እየገዛ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። ተጠቃሚ የጫነውን ይዘት የሚያስቀምጥ ኩባንያ ከካሳ ክስ ይጠበቃል፤ ሁኔታዎቹን ካሟላ። ጥሰቱን አለማወቅ አለበት። ጥሰቱን ግልጽ ከሚያደርጉ ፍንጮች ፊት ዓይኑን ጨፍኖ ማለፍም አይፈቀድለትም። ካወቀ ሳይውል ሳያድር ማውረድ ይጠበቅበታል፤ ሊቆጣጠረው ከሚችለው ጥሰት በቀጥታ ገንዘብ ማግኘት የለበትም፤ አቤቱታ የሚቀበል ተወካይ ማስመዝገብ፣ ደጋግመው የሚያጠፉትን ማሰናበትም ግዴታው ነው። ባለመብቱ ማመልከቻ ሲልክ ይዘቱ ይወርዳል። የጫነው ሰው ተቃውሞ ካቀረበና ባለመብቱ ክስ ካልመሠረተ ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀን ባለው ጊዜ ይመለሳል። ከሁሉም በላይ ሕጉ ኩባንያው ጣቢያውን እየዞረ የመጠበቅ ግዴታ እንደሌለበት በግልጽ ደነገገ። ዘበኝነቱ ወደ ባለመብቱ ዞረ።

ሕጉ ሲጻፍ በአእምሮ የነበረው ኔትኮምን የመሰለ የመስመር አከራይ ነበር። በአንድ ቀን ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠር ቪዲዮ የሚጎርፍለትና በአጠገቡ ማስታወቂያ የሚሸጥ ኩባንያ ያኔ አልነበረም። ናፕስተር በ1999 መጥቶ ሙዚቃ ቤቶችን አስደነገጠ፤ ነገር ግን የዘፈኖቹን ዝርዝር በራሱ ሰርቨር ይዞ ስለነበር «አላውቅም» ማለት አላዋጣውም፤ በ2001 ተዘጋ። እውነተኛው ፈተና ዩቲዩብ ነበር።

ዩቲዩብን ፌብሩዋሪ 2005 የመሠረቱት ከፔይፓል የወጡ ሦስት ወጣቶች ናቸው፤ ቻድ ኸርሊ፣ ስቲቭ ቼንና ጃዌድ ካሪም። ሰው የራሱን ቪዲዮ እንዲጭንበት ተብሎ ተከፈተ፤ ሰውም የራሱንም የቴሌቪዥኑንም ጫነበት። ጉግል ኦክቶበር 2006 በ1.65 ቢሊዮን ዶላር አክሲዮን ሲገዛው ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። የኤምቲቪ፣ የኮሜዲ ሴንትራል፣ የኒኬሎዲዮንና የፓራማውንት ባለቤት ቫያኮም ይህን ዋጋ ሲያይ ያሰበውን መገመት አይከብድም፤ ገበያው የደራው በእኔ ዕቃ አይደለም ወይ? ማርች 13 ቀን 2007 ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ጠይቆ ኒውዮርክ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ።

የሙግቱ መዝገብ ለሁለቱም ወገን የሚያሳፍር ነገር ሞልቶበታል። ቫያኮም የዩቲዩብን የውስጥ ኢሜሎች ዘረገፈ። ካሪም በ2006 ባዘጋጀው ሪፖርት የታወቁ የቴሌቪዥን ዝግጅቶች ጣቢያው ላይ እንዳሉ ጠቅሶ፣ ሕግ ባያስገድደንም በግልጽ ሕገወጥ የሆነውን ቀድመን ብናወርድ ይጠቅመናል ብሎ ነበር። ያውቁ ነበር ማለት ነው። ጉግል በበኩሉ የቫያኮምን ጓዳ ከፈተ። በጠበቆቹ አባባል ቫያኮም የራሱን ቪዲዮዎች ለማስታወቂያ በድብቅ ሲያስጭን ኖሯል፤ ለዚህም 18 ያህል የገበያ ድርጅቶች ቀጥሯል፤ ዱካው እንዳይታወቅ ሠራተኞቹን ወደ ኮፒ ቤት ልኮ ከዚያ አስጭኗል። እንግዲህ ባለመብቱ ራሱ የጫነውንና ሌላ ሰው የሰረቀውን ዩቲዩብ በምን ለይቶ ይወቅ? ይህ ክርክር ባይኖር ኖሮ የፍርዱ መንገድ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

በመሐል ተራ ተመልካቹም ተጎትቶ ገባ። በ2008 ፍርድ ቤቱ ማን የትኛውን ቪዲዮ እንዳየ የሚያሳየው መዝገብ ለቫያኮም ይሰጥ ብሎ አዘዘ። ጩኸት ተነሣና ማንነት የሚገልጸው መረጃ ተሸፍኖ እንዲሰጥ ተስማሙ። ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚረገጠው ሣሩ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ዳኛ ሉዊስ ስታንተን ጁን 23 ቀን 2010 ለዩቲዩብ ፈረዱ። ጣቢያው በተሰረቀ ይዘት መሞላቱን በጥቅሉ ማወቅ በቂ አይደለም፤ የትኛው ቪዲዮ፣ በየትኛው አድራሻ የሚለው ተለይቶ መታወቅ አለበት አሉ። ማስረጃ ያደረጉት ቫያኮም ራሱ ያደረገውን ነበር። ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2007 ወደ 100,000 የሚጠጉ ቪዲዮዎች ዝርዝር በአንድ ጊዜ ላከ፤ ቀኑ ዓርብ ነበር። በሚቀጥለው የሥራ ቀን ሁሉም ለማለት ይቻላል ወርደው አደሩ። ሥርዓቱ ይሠራል አሉ ዳኛው።

ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2012 ነገሩን በከፊል መለሰው። ተለይቶ መታወቅ አለበት የሚለውን ተቀበለ፤ ግን ዩቲዩብ አንዳንዶቹን ቪዲዮዎች ለይቶ ያውቅ እንደነበር አንድ ሸንጎ ሊያምን ይችላል፤ ሆን ብሎ ዓይንን መጨፈንም ከማወቅ ሊቆጠር ይችላል አለ። ለጊዜው ቫያኮም ያሸነፈ መሰለ። መዝገቡ ወደ ስታንተን ሲመለስ ግን ጥያቄው እርቃኑን ቀረ። በሙግቱ ውስጥ የነበሩት ቪዲዮዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ ዩቲዩብ እያንዳንዱን ማወቁን ወይም አለማወቁን የሚያሳይ ማስረጃ ማንም የለውም። እንግዲህ ማስረጃ በማጣቱ የሚሸነፈው ማነው? ስታንተን ኤፕሪል 18 ቀን 2013 «የማስረዳት ሸክሙ የከሳሹ ነው» ብለው ለሁለተኛ ጊዜ ለዩቲዩብ ፈረዱ። በማርች 2014 ሁለቱ ኩባንያዎች ታረቁ። ገንዘብ እንዳልተከፋፈሉ ተዘገበ። ሰባት ዓመት፣ የጠበቃ ጎርፍ፣ በመጨረሻ ባዶ እጅ መጨባበጥ።

እኔን ከፍርዱ ይልቅ የሚገርመኝ በፍርዱ ጎን ለጎን የሆነው ነው። ክሱ ከተመሠረተ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በኦክቶበር 2007፣ ጉግል ዛሬ ኮንቴንት አይዲ የሚባለውን ማጣሪያ አስተዋወቀ። ባለመብቱ የሥራውን ቅጂ ይሰጣል፤ ማሽኑ የሚጫነውን ቪዲዮ ሁሉ ከዚያ ጋር ያነጻጽራል፤ ተመሳሳይ ሲያገኝ እንደ ባለመብቱ ምርጫ ያግዳል፣ ወይም ቪዲዮው እንዲቆይ ትቶ የማስታወቂያውን ገቢ ወደ ባለመብቱ ያዞራል። ቫያኮም ራሱ የካሳ ጥያቄውን ማጣሪያው ሥራ ከመጀመሩ በፊት በነበረው ጊዜ ወሰነ። ሕጉ «የመጠበቅ ግዴታ የለብህም» ያለው ኩባንያ ሳይገደድ ዘበኛ ቀጠረ። ግን የማን ዘበኛ ነው? ማጣሪያው ክፍት የሆነው ብዙ ሥራ ለያዙና ሥራቸው በብዛት ለሚጫንባቸው ባለመብቶች ነው። ሆሊውድ ዘበኛ አገኘ። አንድ አልበም ያለው ዘፋኝ፣ አንድ መጽሐፍ ያለው ደራሲ ግን አሁንም የ1998ቱ ሕግ በተወው ቦታ ነው ያለው፤ ራሱ ፈልጎ፣ ራሱ አግኝቶ፣ ራሱ ማመልከቻ ሞልቶ።

ዘበኛው ዱላ አብዝቶ ሲይዝ የሚሆነውንም አይተናል። በ2007 አንዲት የፔንሲልቬኒያ እናት ሕፃን ልጇ ማድ ቤት ውስጥ ሲጨፍር ቀርጻ ጫነች። ቪዲዮው 29 ሰከንድ ነው፤ ከኋላ የፕሪንስ ዘፈን ይሰማል። ዩኒቨርሳል አስወረደባት። ሴትዮዋ ግን እጅ አልሰጠችም፤ ከሰሰች። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2015፣ ማመልከቻ ከመላኩ በፊት አጠቃቀሙ ሕግ የሚፈቅደው መሆን አለመሆኑን ማገናዘብ ግዴታ ነው ሲል በየነ። ልጁ በዚያን ጊዜ ማድ ቤት የሚጨፍርበት ዕድሜው አልፏል። ማሽን ግን አያገናዝብም። ዩቲዩብ ራሱ ባወጣው ሪፖርት፣ በ2021 የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ኮንቴንት አይዲ ከ722 ሚሊዮን በላይ የይገባኛል ጥያቄ አስነሥቷል። የተቃወሙት ከመቶ አንድ አይሞሉም፤ ከተቃወሙት ግን 60 በመቶ ያህሉ ተረትቶላቸዋል፤ በቁጥር 2.2 ሚሊዮን ገደማ። ያልተቃወሙት ሁሉ ጥፋተኛ ስለነበሩ ነው ዝም ያሉት? ስትራይክ ፈርቶ ዝም ያለውን ማን ቆጠረው?

አውሮፓ በ2019 የተለየ መንገድ ሞከረች። ትላልቆቹ መድረኮች ተጠቃሚ የጫነውን ለሕዝብ የሚያቀርቡት ራሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ ፈቃድ ይግዙ፣ ወይም ለመግዛትና ለመከላከል የቻሉትን ያህል መጣራቸውን ያስረዱ የሚል ሕግ በ348 ለ274 ድምፅ አለፈ። ከዋናው ድምፅ በፊት አከራካሪውን አንቀጽ ለብቻው አውጥተን እንወያይ የሚለው ሐሳብ የወደቀው በ317 ለ312፣ በ5 ድምፅ ልዩነት ነው። ኋላ ላይ የተወሰኑ የምክር ቤት አባላት «ቁልፉን ተሳስተን ነው የተጫንነው» ብለው ድምፃቸውን በመዝገብ አስተካከሉ፤ ውጤቱ ግን አልተለወጠም። የአህጉር ሕግ በጣት ስሕተት የሚወሰንበት ጊዜ አለ። የሆነ ሆኖ በአውሮፓ ዘበኝነቱ ወደ ባለመድረኩ ተመለሰ፤ ከፍሬና ወዲህ ሃያ ስድስት ዓመት ዞሮ።

ወደ ፒዲኤፋችን እንመለስ። ለእኛ ከቫያኮም ይልቅ የሚቀርበው የዴልሂው ጉዳይ ነው። አንዲት የሕንድ የመንግሥት ፈተና መሰናዶ አስተማሪ መጽሐፎቿና ትምህርቶቿ በቴሌግራም ቻናሎች ሲዘሩ አገኘች። አንዱን ስታስዘጋ ሌላው ይከፈታል። ስለዚህ «አውርዱልኝ» ብቻ ሳይሆን «የሚከፍቱትን ሰዎች ስም ስጡኝ» ብላ ከሰሰች። ቴሌግራም መረጃው ያለው ሲንጋፖር ነው፣ የዚያ አገር ሕግ አይፈቅድልኝም ብሎ ተከራከረ። የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በኦገስት 2022 ይህን ሳይቀበል የቻናሎቹን አስተዳዳሪዎች ስም፣ ስልክ ቁጥርና የኢንተርኔት አድራሻ እንዲያቀርብ አዘዘ። በኅዳር ወር ግድም መረጃው ታሽጎ ቀረበ። ሴትዮዋ የዘበኝነቱን ጥያቄ ትታ ሌባውን እጅ በእጅ ለመያዝ ሄደች። መፍትሔው ያለ ስጋት አይደለም፤ ዛሬ ለደራሲ የተሰጠ ስም ነገ ለሌላ ዓላማ እንዳይሰጥ ማን ዋስ ይሆናል? ቢያንስ ግን ውሳኔው በግልጽ ችሎት፣ ሁለቱ ወገኖች ተሰምተው፣ በዳኛ የተሰጠ ነው።

እኛስ ጋ? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው ዩቲዩብ ገና ሳይወለድ ነው። አእምሮው ካሴት ቤትና ማተሚያ ቤት ላይ ነበር። በ2007 በአዋጅ 872 ሲሻሻልም ተጠቃሚ የጫነውን የሚያስተናግድ ኩባንያ እስከ ምን ድረስ እንደሚጠየቅ በግልጽ የሚመልስ ነገር አላመጣም። የሚደንቀው ግን፣ ያ የ«ማወቅ» ቃል አገራችን ሳይገባ አልቀረም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008፣ በአንቀጽ 16፣ አገልግሎት ሰጪ ሦስተኛ ወገን ላሰራጨው ሕገወጥ ይዘት በወንጀል የሚጠየቀው መቼ እንደሆነ ሲዘረዝር፣ ሕገወጥነቱን እያወቀ ካላወረደ ወይም ከሚመለከተው የመንግሥት አካል ተነግሮት እርምጃ ካልወሰደ ይላል። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ ጥቆማ የደረሰው የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅት በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሣ ይጠይቃል። ሁለቱም አዋጆች በዋናነት የሚያሳስባቸው የሕዝብ ጸጥታና ስም ማጥፋት ነው። ዘበኛ ቀጥረናል ማለት ነው፤ የሚጠብቀው ግን የደራሲውን ቤት አይደለም።

ስለዚህ ዛሬ አዲስ አበባ ያለ ደራሲ መጽሐፉ ቻናል ላይ ሲዘራ የሚይዘው መሣሪያ አሜሪካ በ1998 የቀረጸችው ቅጽ ነው። ቴሌግራም የቅጂ መብት አቤቱታ የሚቀበልበት ኢሜል አለው፤ ይፋ የሆኑ ቻናሎችን እመለከታለሁ፣ የግል ውይይትንና ግሩፕን ግን አልነካም ይላል። ደራሲው አቤቱታውን በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ የአሜሪካው ቅጽ በሐሰት ባመለክት ልጠየቅ ብሎ እንዲምልም ያደርገዋል። አንድ ቻናል ይዘጋለታል። በማግሥቱ ፋይሉ ስሙ ላይ አንድ ፊደል ተለውጦ ሌላ ቻናል ላይ ይወጣል። እሱም እንደገና ፍለጋ ይቀመጣል፤ ሌሊቱን ሁለተኛ መጽሐፉን ሊጽፍበት አስቦ ነበር።